ሠላሳ አንድ ወንድ ልጆች

በአገሩ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም.፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን፣ ሰኞ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ በኮይቩላ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት የተገኙት ሰዎች አራት ነበሩ፤ እነሱም የቀበሌው ሹም አቶ አፖ ኒስካላ፣ የቀበሌው ጸሐፊ ወይዘሪት ሌምፒ ኮርተሶያ፣ የወንደላጤዎች ማደሪያ ቤት ባለቤት ወይዘሮ ፊና ራውታላ፣ ከግዛቱ ዋና ከተማ በባቡር የመጡት የእርዳታ ኮሚሽን ተቆጣጣሪ ወይዘሪት ኤድና ታርልተን ናቸው። ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ በረዶውን እስከ መስኮቱ ደፍ ከምሮት ነበር፤ ከበረዶው በላይ የሚታየውም የመዳብ ማዕድኑ ግንብ ብቻ ነበር፤ እሱም ጭስ ከተለየው ሁለተኛ ክረምቱን ይዟል።

ተቆጣጣሪዋ ጓንታቸውን አውልቀው ምድጃው አጠገብ ካስቀመጡ በኋላ ከቦርሳቸው አንድ ወረቀት አወጡ፤ ሌምፒ እንድትተረጉምላቸውም አንድ አንድ ቃል እየለዩ ጥያቄያቸውን አቀረቡ። ፊና ራውታላ የተባሉት መበለት ዕድሜያቸው ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች የሆነ ሠላሳ አንድ ወንዶች ልጆች እንዳሏቸው ሦስት ወር በተከታታይ ለኮሚሽኑ ሪፖርት ቀርቧል፤ በትምህርት ቤት መዝገብ ግን የእሳቸው ልጅ የተባለ አንድም አልተገኘም፤ ልጆቹ የት ናቸው?

ሌምፒ ተረጎመች። ወይዘሮ ፊና ጥያቄው ራሱ ገረማቸው።

«የት ይሆናሉ? እንጨት እየፈለጡ ነዋ» አሉ።

መበለቲቱ ይህን የመለሱት ለማሾፍ አልነበረም። የኮይቩላ ሰዎች ከፊንላንድ መጥተው በዚያ እንግሊዝኛ በሚነገርበት የመዳብ አገር ከሰፈሩ አርባ ዓመት አልፏቸው ነበር፤ ቋንቋቸውን፣ ጥቁር ዳቧቸውን፣ የቅዳሜ የእንፋሎት መታጠቢያቸውን ይዘው መጥተዋል፤ አጠራራቸውንም እንዲሁ። በእነሱ ዘንድ ያገባ ወንድ «ጌታው» ይባላል፤ ያላገባ ግን ስልሳ ዓመት ቢሞላው፣ ጥርሱ ቢረግፍ፣ ጀርባው ቢጎብጥ፣ ያው «ልጅ» ነው። ሚስት ያልያዙት የማዕድን ሠራተኞችና እንጨት ቆራጮች ተሰብስበው የሚያድሩበትም ቤት «የልጆቹ ቤት» ይባላል። ከጥቂት ዓመት በፊት በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ «የልጆቹ ቤት ልጅ ኤሊስ በሰባ አንድ ዓመቱ ስላረፈ ቀብሩ እሑድ ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር፤ ያን አንብቦ የሳቀ ሰው በኮይቩላ አልነበረም።

ማዕድኑ በ1932 ዓ.ም. ተዘግቶ ሰው ሥራ እስኪያጣ ድረስ ድሃን መርዳት የአቶ አፖ የራሳቸው ጉዳይ ነበር። የማን ጭስ ማውጫ እንደማይጨስ ከደጃቸው ቆመው ያያሉ፤ በእርሳስ የሚጽፉባት የኪስ ደብተር ነበረቻቸው፤ ዱቄቱን በበረዶ ጋሪ ጭነው ራሳቸው ያደርሳሉ። በ1933 ዓ.ም. መኸር ግን ግዛቱ ራሱ ማብላት ጀመረ፤ ምግቡም ከትእዛዝ ጋር መጣ። እያንዳንዱ ቀበሌ ወር በገባ በአሥረኛው ቀን በሦስት ቅጂ የተጻፈ፣ በቃለ መሐላ የተፈረመ ሪፖርት እንዲልክ ታዘዘ፤ ስንት ቤተሰብ፣ ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ ስንት ወንድ ልጅና ሴት ልጅ፣ ቤተሰብ የሌለውስ ብቸኛ ስንት እንደሆነ፣ ለሁሉም ዓምድ ዓምዱ ተለይቶለት ነበር። ሪፖርቱ ያልደረሰለት ቀበሌ ዱቄቱ በባቡር ጣቢያ ይያዝበታል።

አቶ አፖ ቅጹን ገልብጠው አዩትና «ድሃ ሲቆጠር ይጠግባል እንዴ?» አሉ።

«ካልተቆጠረ ግን ዱቄቱ አይመጣም፣ ጋሼ አፖ» አለች ሌምፒ።

ሌምፒ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ትምህርቷ እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ከሰው ፊት ስትቆም ጆሮዋ ይቀላል፤ ነገር ግን በዚያ ጽሕፈት ቤት የእንግሊዝኛውን ደቃቅ ጽሑፍ እስከ መጨረሻው መስመር አንብባ የምትረዳ እሷ ብቻ ነበረች። በዚህ ምክንያት ሪፖርቱ የእሷ ሥራ ሆነ፤ ስህተቱም ከእሷ እጅ ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ኖቬምበር 9 ቀን አቶ አፖ በውሽንፍር ውስጥ ከቤት ቤት ሲቆጥሩ ውለው ከልጆቹ ቤት ደጃፍ ደረሱ፤ ከጋሪያቸው ሳይወርዱም ስንት እንደሆኑ ጠየቁ። ወይዘሮ ፊና በሩን በትንሹ ከፍተው «እኔ፣ ሁለቱ የወጥ ቤት ሴቶች፣ ሠላሳ አንድ ልጆች» ብለው መለሱና ብርዱ እንዳይገባ መልሰው ዘጉ። አቶ አፖ የሰሙትን ጻፉ። ሌምፒም የፖስታው ባቡር ሊደርስ አንድ ሰዓት ሲቀረው የደብተሩን መስመሮች ወደ ቅጹ ስትገለብጥ «ፊና ራውታላ፣ መበለት፤ ሴቶች ሦስት፤ ልጆች ሠላሳ አንድ» የሚል አገኘች፤ እጇም ሳያመነታ «ወንዶች ልጆች» ከሚለው ዓምድ ሥር ሠላሳ አንድ አሰፈረ። አቶ አፖ በቃለ መሐላ ፈረሙ፤ እሷም ምስክር ሆና ፈረመች፤ ወረቀቱ ሄደ።

በዲሴምበር ለልጆቹ ቤት የመጣው ጭነት ከሌላው ቤት ሁሉ በለጠ። የቆርቆሮ ወተት ነበረበት፤ የገንፎ አጃ ነበረበት፤ ሁለት ሣጥን የዓሣ ዘይትና ከሱፍ የተሠሩ ሠላሳ አንድ የሕፃን ቆቦችም ነበሩበት። ወይዘሮ ፊና ይህን አይተው መንግሥትም ለካ ልጆቹን «ልጆቹ» ይላቸዋል ብለው አሰቡ፤ ሌላ አልጠረጠሩም። ጧት ጧት ሽማግሎቹን በሰልፍ አቁመው የዓሣ ዘይቱን በማንኪያ ያጠጧቸው ነበር። ፊቱን የሚያጨማድድ ሰው ቢኖር «ዋጠው፣ አንተ፤ ካልዋጥክ አታድግም» ይሉታል። ቆቡም ከአናት በታች አልወርድ ቢል ሽማግሎቹ በስካርፍ አስረውት ወደ ጫካ ይሄዱ ነበር።

ወተቱ ግን ቀልድ አልነበረም። ከሠላሳ አንዱ ዘጠኙ የማዕድኑ ድንጋይ ብናኝ ሳንባቸውን የበላቸው ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ነስቶሪ ፑልኪላ የሚባለው የስልሳ ሦስት ዓመት ሰው ነው፤ ከመኸር ጀምሮ የቀመሰው እህል አልረጋለት ብሎ አልጋ ይዞ ነበር። ወተትና አጃ ማግኘት ከጀመረ ወዲህ የልደት በዓል ሳይደርስ ተነሥቶ በእግሩ ቆመ።

በጃንዋሪ መጨረሻ ከኮሚሽኑ ደብዳቤ መጣ፤ የሠላሳ አንዱ ልጆች ስም፣ የተወለዱበት ቀንና የሚማሩበት ትምህርት ቤት ተዘርዝሮ ይላክ የሚል ነበር። ሌምፒ አንብባ ገና ሳትጨርስ ገባት። በሩን ዘግታ ለአቶ አፖ ነገረቻቸው፤ እሳቸውም እንባቸው እስኪወርድ ድረስ ሳቁ። ሳቃቸው የቆመው ቅጹን ገልብጣ ስለ ብቸኞች የሚለውን ስታነብላቸው ነው። ቤተሰብ የሌላቸው ብቸኛ ወንዶች በሚኖሩበት ቀበሌ አይረዱም፤ በስተደቡብ ሦስት መቶ ማይል ርቆ በተዘጋጀላቸው ካምፕ ገብተው እዚያ ይረዳሉ ይላል።

አቶ አፖ «ነስቶሪ የካምፑን በር አያልፍም፤ መንገድ ላይ ነው የሚቀረው» አሉ። ወዲያውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መላ አመጡ፤ ስማቸውን እንዳለ ጽፈሽ ከዕድሜያቸው ሃምሳ ሃምሳ ዓመት ቀንሺላቸው፤ በዚህ በረዶ ማን መጥቶ ያያቸዋል አሏት።

ሌምፒ ይህን አልተቀበለችም። የመጀመሪያው ሪፖርት ስህተት ነበር፤ አሁን የሚጻፈው ግን ውሸት ነው፤ ውሸቱ ቢገኝ ዱቄት የሚቋረጠው ለአንድ ቤት ሳይሆን ለአራት መቶ አሥራ ሁለት ነፍስ ነው። እውነቱን ብትጽፍ ደግሞ ሠላሳ አንዱን በእጇ መስደዷ ነው። በማግሥቱ ወረቀት ይዛ ወደ ልጆቹ ቤት ሄደች፤ የእያንዳንዱን ስም፣ ዕድሜ፣ ከመሬት በታች የሠራበትን ዘመን፣ በዚያ ቤት የኖረበትን ዘመን፣ ያለበትንም ሕመም እየጠየቀች መዘገበች። ይህን ዝርዝር ያዘዛት አልነበረም፤ ቅጹም ዓምድ አላበጀለትም።

ተራው የነስቶሪ ሲሆን እርሳሷ ቆመ። አባቷ የሞተው እሷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ከመሬት በታች ድንጋይ ተንዶበት ነው፤ ሬሳውን ተሸክሞ ያወጣው ነስቶሪ ነበር። በዚያ ክረምት በየሳምንቱ የተፈለጠ እንጨት ከደጃቸው ተደርድሮ ይገኝ ነበር፤ ማን እንዳመጣው እናቷም እሷም ያውቁ ነበር፤ ግን አልተነገረም። በኮይቩላ እንዲህ ላለው ነገር በአፍ ማመስገን ሰጪውንም ተቀባዩንም ያሳፍራል።

«አያ ነስቶሪ፣» አለች ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሣ፤ «ያኔ... ስለ እንጨቱ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«የምን እንጨት?» አለ ነስቶሪ።

ሌምፒም ጆሮዋ ቀላና «ዕድሜ ስልሳ ሦስት» ብላ ጻፈች።

ለኮሚሽኑ የላከችው መልስ ሁለት መስመር ብቻ ነበር። ስለ ልጆቹ በወረቀት ማስረዳት አልቻልኩም፤ ሰው መጥቶ ቢያይልን በትሕትና እለምናለሁ ይላል። ወይዘሪት ታርልተን የመጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ወይዘሮ ፊና እንጨት እየፈለጡ ነው ባሉ ጊዜም ሌምፒ መልሱን መተርጎም አልበቃትም፤ ከወንበሯ ተነሥታ ስህተቱ የእሷ እንደሆነ፣ ቃሉም በአገራቸው ሰው አፍ ምን ማለት እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን በየትኛው ዓምድ እንደተጻፈ አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ተቆጣጣሪዋ አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። ከመካከላቸው ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች የሆነ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። የሁሉ ታናሽ አርባ አራት ዓመቱ ነው ተባሉ። እንግዲያስ ብቸኞች ናቸው፤ ለብቸኞች የተሠራውን ደንብ ታውቂያለሽ አሉ። ሌምፒ አውቃለሁ አለች። ወይዘሪት ታርልተን ጓንታቸውን መልሰው አጠለቁና ከመጻፌ በፊት ቤቱን ልየው አሉ።

በአቶ አፖ የበረዶ ጋሪ ተሳፍረው ሲደርሱ የምሳ ሰዓት ነበር። የዓሣ ሾርባው በትልቁ ብረት ድስት ይንተከተካል፤ በክፍሉ ውስጥ ሁለት ረጃጅም ገበታዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ በመካከላቸው ሰው የሚያሳልፍ መንገድ አለ። ወይዘሮ ፊና ወደ ጓሮ በር ሄደው እንደ ወትሯቸው «ልጆች፣ ምሳ» ብለው ተጣሩ። ልጆቹም ከጫማቸው በረዶውን እያራገፉ፣ ያችን ቆብ ከአናታቸው እያነሡ፣ አንድ በአንድ ገቡ፤ ሽበታም፣ መላጣ፣ አንካሳ፣ እያሳለ የሚገባ፤ ሁሉም በየቦታው ተቀመጠ። ወይዘሪት ታርልተን ቆመው እስከ ሠላሳ አንድ ቆጠሩ።

ሌምፒ ዝርዝሯን ሰጠቻቸው። ቆመው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ አንዳንዱ መስመር ላይ ዘገዩ፤ ከዚያም ዝርዝሩ መልካም ሥራ መሆኑን፣ ነገር ግን ኮሚሽኑ የሚቀበለው ቅጹን እንጂ ዝርዝሩን አለመሆኑን ሐዘን ባለው ድምፅ ነገሯት።

«ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው» አሉ ወይዘሮ ፊና ለማንም ሳይሆን።

ሌምፒ ያን ጊዜ በሕይወቷ ሞክራ የማታውቀውን አደረገች፤ ከባለሥልጣን እጅ ወረቀት ወሰደች። ቅጹን ገልብጣ ከበስተጀርባው በደቃቅ ፊደል የታተመውን ሰባተኛውን አንቀጽ በእንግሊዝኛ አነበበች። ቤተሰብ ማለት በሥጋ ዝምድና ቢኖራቸውም ባይኖራቸውም በአንድ ጣራ ሥር አድረው ከአንድ ገበታ የሚበሉ ሰዎች ማለት ነው፤ ይላል።

ወይዘሪት ታርልተን ወረቀቱን ተቀብለው ራሳቸው ደግመው አነበቡት። ይህን ቅጽ ለሰማንያ ቀበሌ እንደበተኑ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ጀርባውን አንብቦ መልሶ የነገራቸው ሰው እንዳልነበረ ተናገሩ። ከዚያ ቀና ብለው ክፍሉን አዩ።

«ገበታው ግን ሁለት ነው» አሉ።

ነስቶሪ ማንኪያውን እንደያዘ «ምን አለች?» ብሎ ጠየቃት።

«አንድ ቤተሰብ ለመባል ከአንድ ገበታ መብላት አለባችሁ ነው የምትለው። ገበታችሁ ግን ሁለት ነው አለች።»

ነስቶሪ ነገሩን በዝግታ አሰበው። ማንኪያውን አስቀመጠ፤ ተነሣ፤ የገበታውንም ጫፍ ያዘ።

«በዚያ በኩል ያዝ» አለ ፊት ለፊቱ ላለው።

ሁሉም ሳህን ሳህኑን ይዞ ተነሣ። በሁለቱ መካከል የነበረው መንገድ ጠፋ፤ ገበታዎቹ ተጋጠሙ፤ አንዱ ከሌላው ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይል ኖሯል፤ ወይዘሮ ፊና ከሣጥን የበዓል ጨርቅ አውጥተው በመጋጠሚያው ላይ አነጠፉ። አቶ አፖ ዱሮም አንድ ነበር፣ የተለየው ወለሉ ሊታጠብ ነው ብለው አስረዱ፤ ሌምፒ ይህን አልተረጎመችውም።

ወይዘሪት ታርልተን ገበታውን አንድ ጊዜ ዞሩት። ደንቡ የሚጠይቀው አንድ ነገር እንደቀረ ተናገሩ፤ የቤተሰቡ ራስ ማን እንደሆነ ተለይቶ፣ ስለ ሁሉም ኃላፊ መሆኑን አምኖ መፈረም አለበት። ሌምፒ ወደ ወይዘሮ ፊና ዞራ እርስዎ የሠላሳ አራት ሰው ራስ ነኝ ብለው ይፈርማሉ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው።

«ሃያ ስድስት ዓመት እኮ ነው ልብሳቸውን የማጥበው» አሉ ወይዘሮ ፊና እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ። «እስከ ዛሬ አንድ ሰው ፈርሚ አላለኝም። ወዲህ በይው እስክሪብቶውን።»

ተፈረመ። ተቆጣጣሪዋ ከ«ወንዶች ልጆች» ዓምድ ሠላሳ አንዱን በቀይ ሰርዘው በ«ወንዶች» ዓምድ ጻፉት፤ በብቸኞች ዓምድ ዜሮ አኖሩ። ወተቱን ግን ለሁሉም ሊተዉት አልቻሉም፤ ወተት በደንቡ የሕፃናት ነው፤ ሐኪም ለሚጽፍላቸው ለዘጠኙ የሳንባ ሕመምተኞች ብቻ፣ እሱም በግማሽ እንዲቀጥል አደረጉ። ስለ ዓሣ ዘይቱ መቅረት የተከፋ አልነበረም። ስለ ቆቦቹም ምንም አልጻፉም።

ከዚያ ወይዘሮ ፊና ለእንግዳዋ በመጋጠሚያው ዘንድ ቦታ አበጅተው ሾርባ ቀዱላቸው፤ ሁሉም ያለ ብዙ ወሬ በላ። በልቶ የጨረሰው እየተነሣ፣ በዚያ ቤት እንደተለመደው፣ በወይዘሮ ፊና ፊት እየቆመ አንዲት አጭር ቃል ተናግሮ ያልፍ ነበር። ተቆጣጣሪዋ ምን እንደሚሉ ጠየቁ። ሌምፒም ስለ ምግቡ እያመሰገኑ ነው፤ በሕፃንነታቸው እናቶቻቸው ያስተማሯቸው ነው ብላ ነገረቻቸው። ነስቶሪ ወይዘሮ ፊናን ካመሰገነ በኋላ ጥቂት አመነታ፤ ከዚያም ወደ ወይዘሪት ታርልተን ተጠግቶ፣ እጁን ወደ ጎኑ ሰብስቦ፣ ያችኑ ቃል ለእሳቸውም ተናገረ። ከኋላው የነበሩትም ሁሉ እንዲሁ አደረጉ። ወይዘሪት ታርልተን መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ራሳቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ ከአሥረኛው በኋላ ግን ዓይናቸውን ከሳህናቸው አላነሡም።

የታረመው ሪፖርት በሦስት ቅጂ ተጽፎ ረቡዕ በባቡር ሄደ። የልጆቹ ቤትም ከዚያ ወዲህ በአንድ ቤተሰብነት እየተቆጠረ እርዳታውን አገኘ፤ ወደ ካምፑ የሄደ አንድም አልነበረም።

ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን አኃዝ በመጽሐፍ ታትሞ ሲወጣ የታተመው ያልታረመው ነው። ዛሬ ያን መጽሐፍ የሚገልጥ ሰው በኮይቩላ ቀበሌ በዚያ ክረምት ትምህርት ቤት ያልገቡ ሠላሳ አንድ ወንዶች ልጆች እንደነበሩ ያነባል፤ ከድንጋይ ሥር መዳብ ሲያወጡ የሸበቱትን ሠላሳ አንድ ሰዎች ግን አያገኛቸውም። የሌምፒ ዝርዝር ዓምድ ስላልነበረው አልተቀመጠም። በዚህ የሚወቀስ የለም፤ መዝገብ የሚያስታውሰው የሰጡትን ብቻ ነው። የኮይቩላ ሰዎች ያን ቁጥር ባዩ ጊዜ አላዘኑበትም፤ ስለ ወተቱ አመሰገኑት እንጂ።

ነስቶሪ ፑልኪላ በ1936 ዓ.ም. በኤፕሪል ወር፣ በዚያው ቤት፣ በስልሳ አምስት ዓመቱ ዐረፈ። ሌምፒ የወሩን ሪፖርት ስትሞላ በሠላሳ አራት ፋንታ ሠላሳ ሦስት ጻፈች።